ሁለት ቁልፍ ያለው ሳጥን

በየሁለት ሳምንቱ እሑድ፣ ቅዳሴ ካበቃ በኋላ፣ ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ሚኒባስ ተሳፍሬ ደምበጫ እሄድ ነበር። ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ዳር ካለችው ሻይ ቤት ስደርስ ባለቤቷ፣ ሰው ሁሉ እትዬ የሚላቸው ሴት፣ የያዙትን ሲኒ አጣጥበው እጃቸውን ያደርቁና ከመቀነታቸው ጫፍ የተቋጠረችውን ቁልፍ ይፈታሉ፤ እኔም የኔን ከኪሴ አወጣለሁ። ከመጫወቻ ማሽኑ ሆድ የምናወጣው የቆርቆሮ ሳጥን ሁለት ጓጉንቸር ነበረው፤ አንዱ የእሳቸው፣ ሌላው የኔ። አንዳችን ያለ ሌላችን ልንከፍተው አንችልም። ሳንቲሙን ሰፌድ ላይ ስንዘረግፈው ሻይ የሚጠጡት ሁሉ ዞር ብለው ያያሉ። እትዬ አሥር አሥሩን እየደራረቡ ሲቆጥሩ የመጀመሪያውን ‹አንድ› አይሉትም፣ ‹በረከት› ይሉታል፤ እህል ሲሰፍሩም እንደዚያው ናቸው። ከዚያ ‹ሁለት፣ ሦስት› እያሉ ይቀጥላሉ። እኔ ከወዲያ ማዶ ተቀምጬ የእሳቸውን ቁጥር እየተከተልሁ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ቆጠራው ሲያልቅ ሰፌዱ ላይ ሁለት እኩል ክምር ይቀራል፤ አንዱን እሳቸው፣ አንዱን እኔ እናነሣለን።

ሥራዬ ይህ ነው። በሳንቲም የሚሠራ የመጫወቻ ማሽን እገዛለሁ፣ እጠግናለሁ፣ በሌላ ሰው ሻይ ቤት፣ ፀጉር ቤት ወይም ሱቅ በረንዳ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ከሚገባው ገንዘብ ከቤቱ ባለቤት ጋር እካፈላለሁ። ብዙ ሰው የሥራው አስቸጋሪ ነገር ማሽኑ ይመስለዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ተጫዋቹን መሳብ ነው ይላል። በኔ ዕድሜ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ሁለት ሰዎች፣ አንዳቸውም ሲከፈል ሙሉ በሙሉ ያላዩትን ገንዘብ፣ ሳይቀያየሙ ለዓመታት መካፈል መቻላቸው ነው የሥራው ሁሉ መሠረት። ማሽን ሲበላሽ ይጠገናል፤ በሁለት ሰዎች መካከል የገባ ጥርጣሬ ግን መፍቻ የለውም። ስለዚህ ስለ ማሽኖቼ ስጽፍ በመጀመሪያ ወደ ልቤ የሚመጣው ያ የቆርቆሮ ሳጥን ነው።

ሥራውን የጀመርሁት በ2003 ዓ.ም. በጆተኒ ነው። ጆተኒን ለማያውቅ አማርኛ አንባቢ መግለጽ ያስፈልግ አይመስለኝም፤ ስምንት ዘንግ፣ ሃያ ሁለት የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ተጫዋች፣ በእያንዳንዱ ወገን አንድ በረኛ፣ ሁለት ተከላካይ፣ አምስት አማካይ፣ ሦስት አጥቂ። ስሙ ግን ሁልጊዜ ያስገርመኛል። በጣሊያንኛ ‹ጄቶኒ› ማለት በማሽን ውስጥ የሚገቡ፣ በሳንቲም ፈንታ የሚያገለግሉ ክብ ብረቶች ማለት ነው፤ የኛም ቃል ከዚያ እንደመጣ አምናለሁ። ጨዋታው የተጠራው በኳሱ ወይም በጠረጴዛው ሳይሆን በሚከፈልበት ብረት ከሆነ፣ ስሙን ያወጣው ሰው የነገሩን ሥር አይቶ ነበር ማለት ነው። መጀመሪያ የገዛኋቸው ሁለት ጠረጴዛዎች ከአዲስ አበባ የመጡ አሮጌዎች ሲሆኑ ሳንቲም የሚገባበት መሳቢያ ነበራቸው፤ ሳንቲሙን አስገብተህ እጀታውን ስትገፋው ኳሶቹ ተንደርድረው ይወርዳሉ፣ ሳንቲሙም ወደ ተቆለፈ ሳጥን ይገባል። ሦስተኛውን ግን እዚያው ማርቆስ አንድ አናጢ ከዋንዛ እንጨት ሠራልኝ፤ ጥሩ ሠራው፣ ዛሬም አልተንጋደደም፣ ነገር ግን የሳንቲም መሳቢያ አልነበረውም። ኳሱን የሚይዘውና ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው ነበር።

ያንን የዋንዛ ጠረጴዛ ያስቀመጥሁት አንድ የልጅነት ጓደኛዬ በሚሠራበት ፀጉር ቤት በረንዳ ላይ ነው። ጓደኛዬ ደግ ሰው ነው፣ ዛሬም እንዲሁ ይመስለኛል። እሱ ፀጉር ሲቆርጥ ታናሽ ወንድሙ ኳስ ይሰጣል፤ ወንድሙ ትምህርት ቤት ሲሄድ ሌላ ልጅ ይተካል። ማታ ማታ የሰበሰበውን በላስቲክ ጠቅልሎ ያስቀምጥልኛል፤ እኔም ሳልቆጥር ለሁለት እከፍላለሁ። በመጀመሪያው ወር ደስ ብሎን ሠራን። በሁለተኛው ወር በረንዳው ሲጮህ እየሰማሁ ላስቲኩ ቀለለብኝ፤ ምንም አልተናገርሁም፣ ግን ፊቴ ተናገረ። እሱም ጠርጥሮኛል ብሎ አሰበ። ልጆቹ ሳይከፍሉ ተጫውተው ይሁን፣ ተተኪው ልጅ ኪሱ ከቶት ይሁን፣ ወይም በረንዳው የጮኸው በተመልካች ብቻ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ከመካከላችን አንዳችን አጥፍተን ቢሆን ይቅርታ እንባባል ነበር። ያጠፋ ሰው ሳይኖር ተቀያየምን፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ስላልነበረ ቂሙ ሳይነገር ቆየ። ጠረጴዛውን በጋሪ ጭኜ ስወስድ ቆሞ አየኝ፣ አላገዘኝም። ከሥራዬ ሁሉ የሚቆጨኝ ቀን ያ ነው።

ሁለት ቁልፍ የማድረግን ነገር የተማርሁት ከዚያ በኋላ፣ ከአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ነው። የሙዳየ ምጽዋቱ ቁልፎች በኛ ደብር በአንድ ሰው እጅ አይደሉም፤ አንዱ ከአለቃው፣ አንዱ ከገንዘብ ያዡ፣ አንዱ ከምእመናን ወገን ከሆነ ሰው ዘንድ ነው። ሲከፈት ሁሉም ይገኛሉ። ካህናቱን ማንም ሌባ ናቸው ብሎ አይደለም፤ ማንም እንዳያማቸው ነው። እንዲያ ሲባል ከሰማሁበት ቀን ጀምሮ በሌላ ሰው ቤት የማስቀምጠው ማሽን ሁሉ የተቆለፈ ሳጥንና ሁለት ጓጉንቸር እንዲኖረው ወሰንሁ። የብረት ሠራተኛው በእያንዳንዱ ሳጥን ላይ ሁለተኛ ቀለበት በየደልኝ፤ እኔም ለቤቱ ባለቤት ሁሉ የምለው አንድ ነበር፦ ‹ጓጉንቸሩን አንተው ራስህ ግዛ፤ ቁልፉን እኔ ማየት አልፈልግም።›

ቦታ መምረጥንም ቀስ ብዬ ነው የተማርሁት። መጀመሪያ ሰው የሚበዛበትን ስፈልግ ነበር፤ መናኸሪያ አካባቢ፣ የገበያ ዳር። ሰው የሚበዛበት ቦታ ግን ሰው የማይቆይበት ነው፤ መንገደኛው ዓይኑ መኪናው ላይ ነው። ከዚያ ይልቅ ባለቤቱ ቀኑን ሙሉ ከማይነሣበት፣ የሚመጣውን በስም ከሚያውቅበት፣ ሲጨቃጨቁ ‹ተዉ› ሲል ከሚሰማበት ቤት ማሽን ይኖራል። ሉማሜም፣ አማኑኤልም፣ ማርቆስም ሞክሬዋለሁ፤ በሦስቱም ቦታ ያየሁት ይኸው ነው። መጠጥ ቤት ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ጊዜ የተሰበረ እግር ይዤ ተመለስሁ፤ የጠረጴዛውን ማለቴ ነው። ዩኒቨርሲቲው ማርቆስ ከተከፈተ ወዲህ የተማሪው ቁጥር ሥራውን አሳድጎታል፣ ይሁን እንጂ ተማሪ ሰኔ ላይ ይበተናል፤ ክረምቱን የሚያሻግረው የሰፈር ልጅ ነው።

ወደ ደምበጫው ማሽን ልመለስ። በ2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አሮጌ መዝናኛ ዕቃውን አውጥቶ ሲሸጥ ከተደራረቡት የቢሊያርድ ጠረጴዛዎች ጀርባ አንድ ፍሊፐር አየሁ። የአዲስ አበባና የአሥመራ ትልልቆች ስሙን ያውቁታል፤ ጎጃም ውስጥ ግን ያየው ሰው ጥቂት ነው። አራት እግር ያለው ጠባብ ረጅም ሣጥን ነው፤ በላዩ መስታወት፣ ከመስታወቱ ሥር ወደ ተጫዋቹ ያዘነበለ ባለቀለም ሰሌዳ፣ ከኋላው ቁጥር የሚታይበት ቀጥ ያለ ግድግዳ። ተጫዋቹ በስተቀኝ ያለውን ባለሞላ ዘንግ ስቦ ሲለቀው የብረት ኳስ ወደ ላይ ትወነጨፋለች፤ እየተጋጨች፣ ደወል እያስደወለች፣ ነጥብ እያስቆጠረች ትወርዳለች። ከታች ሁለት መምቻዎች አሉ፣ የደምበጫ ልጆች ‹እጅ› ይሏቸዋል፤ ግራና ቀኝ ባሉት ቁልፎች እያስነሡ ኳሷን ወደ ላይ ይመልሷታል። ካመለጠች በመካከላቸው ገብታ ትጠፋለች።

ያ ማሽን ጣሊያን ሠራሽ ነበር፤ ይህም በጀኝ። አሜሪካ የተሠራ ቢሆን ኖሮ በ115 ቮልት ስለሚሠራ መቀየሪያ ያስፈልገው ነበር፤ የጣሊያኑ ግን እንደኛው በ220 ቮልት ነው። መስታወቱን ብቻውን በጆንያና በጭድ ጠቅልዬ፣ እግሮቹን ፈትቼ፣ በአይሱዙ አስጭኜ የዓባይን በረሃ አሻገርሁት። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል፣ ከዚያ ወደ ደጀን ሽቅብ፣ በእያንዳንዱ ጠመዝማዛ ላይ ውስጡ ያሉት ደወሎች ጭነቱ መሐል ሲንቀጨቀጩ እሰማ ነበር። ሾፌሩ ‹ጽናጽል ነው የጫንኸው?› ብሎ ጠየቀኝ።

ማሽኑን ስከፍተው እንደ ጆተኒ አልነበረም። ከሰሌዳው ሥር በመቶ የሚቆጠር ሽቦ፣ መገናኛና ጥቅል አለ፤ ኮምፒዩተር የለውም፣ ሁሉም በብረት ንክኪ ነው የሚሠራው። ኳሷ 27 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት፣ 80 ግራም ያህል ክብደት አላት። ሰሌዳው በጥቂት ዲግሪ ማዘንበል አለበት፤ ከልክ በላይ ካዘነበለ ኳሷ አትያዝም፣ ካነሰም ትለግማለች። ስለዚህ በደምበጫው የሲሚንቶ ወለል ላይ በአናጢ ውኃ ልክ ግማሽ ቀን ስለካው ዋልሁ። ሣጥኑ ውስጥ ደግሞ በዘንግ ጫፍ የተንጠለጠለ ቱንቢ አለ፤ ተጫዋቹ ማሽኑን ከልክ በላይ ሲነቀንቀው ቱንቢው ከዙሪያው ቀለበት ጋር ይነካካና ጨዋታው ይቃጠላል። ይህ ነገር እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው። እጆቹ ግን ከዚያ በኋላ ነው የመጡት፤ ጎትሊብ የተባለው የቺካጎ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1947 እስኪያስገባቸው ድረስ ተጫዋቹ ኳሷን ከለቀቀ በኋላ ከመነቅነቅ በቀር የሚያደርገው ነገር አልነበረውም።

በመጀመሪያው ክረምት የቀኙ እጅ ሞተ። ጭስ ሸተተ፣ እትዬ ሶኬቱን ነቀሉት፣ እኔም በማግሥቱ ደረስሁ። ነገሩን ለመረዳት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፣ ከገባኝ በኋላ ግን አሠራሩን ወደድሁት። እጁን የሚያነሣው ጥቅል በውስጡ ሁለት ዓይነት ሽቦ አለው። ወፍራሙ ጥቂት ዙር ብቻ ስለሆነ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ብረቱን በኃይል ጎትቶ እጁን ያስፈነጥራል። ቀጭኑ ብዙ ዙር ነው፣ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይበቃዋል፤ ተጫዋቹ ቁልፉን ተጭኖ ሲቆይ የተነሣውን እጅ ይዞ ያቆያል። ከአንዱ ወደ ሌላው የምታሻግረው በእጁ ሥር ያለች ሁለት ምላስ መገናኛ ናት፤ እጁ መጨረሻ ሲደርስ ይገፋትና ትላቀቃለች፣ ያን ጊዜ ኤሌክትሪኩ በቀጭኑም ማለፍ ግድ ይሆንበታል። የኛዋ መገናኛ ጎብጣ ስለነበር አልተላቀቀችም፤ ወፍራሙ ሽቦ ሥራውን ከጨረሰ በኋላም መሳቡን ሳይተው ራሱን አቃጠለ።

መለዋወጫ ከየት ይመጣል? ማርቆስ ውስጥ የወፍጮና የውኃ ፓምፕ ሞተር የሚጠመጥም ሰው አለ። የተቃጠለውን ጥቅል ይዤለት ሄድሁ። እሱ የጠቆረውን ሽቦ በዝግታ ሲፈታ እኔ ዙሩን ቆጠርሁ፤ አሥር በሞላ ቁጥር አንድ የክብሪት እንጨት ጠረጴዛው ላይ አኖራለሁ። የሽቦውን ውፍረት ለክቶ ከሞተር ሽቦዎቹ መካከል አንድ ዓይነቱን አገኘ፣ እንጨቶቹን እየቆጠረ መልሶ ጠመጠመው። የመገናኛዋን ጫፍ በጥሩ ሞረድ ነካ ነካ አድርጌ አቃናኋት። የእጁን ላስቲክ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጬ አለበስሁት። እትዬ መብራቱን ሲያበሩትና እጁ ጧ ብሎ ሲነሣ ያጨበጨበችው ወጥ ቤት የምትሠራው ልጅ ነበረች። ያ ጥቅል እስከ ዛሬ አልተቃጠለም።

ማሽኑ ሳንቲም የሚቀበልበት ክፍልም የራሱ ጥበብ አለው። የተሠራው ለመቶ ሊሬ ሳንቲም ነበር፤ የኛ አንድ ብር ሳንቲም፣ ያ በ2002 ዓ.ም. የወጣው ባለሁለት ቀለም፣ ከዚያ ጥቂት ያንሳል። ሳንቲሙ ሲገባ በትንሽ ሚዛን ላይ ያርፋል፤ ከቀለለ ሚዛኑን አያዘነብለውም፣ ከጠበበም በመካከል ሾልኮ ወደ መመለሻው ይወድቃል። የሚዛኑን ክብደት በሞረድ አሳንሼ፣ መያዣውን በቀጭን ቆርቆሮ አጥብቤ፣ አንድ ሙሉ ቀን ሳንቲም ስወረውር ከዋልሁ በኋላ አንድ ብሩን ብቻ የሚቀበል ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት 143 ብር ገባ። እትዬ የሦስቱን ብር ሳንቲም ለጸበልተኛ ሰጥተው ሰባ ሰባ ተካፈልን።

ማሽኑ ከገባ ወር ሳይሞላው የሰፈሩ ሽማግሌዎች መጡ። ከመካከላቸው አንድ ቄስ ነበሩ። ‹ልጄ፣ ይህ ነገር ቁማር አይደለም ወይ?› አሉኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፣ ዛሬም ተገቢ ነው። ሳንቲም አስገብቼ አጫወትኋቸው፤ ያሸነፈ ሰው ገንዘብ እንደማያገኝ፣ የሚያገኘው ሌላ ኳስ ብቻ እንደሆነ አሳየኋቸው። እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ‹ልጆቹ ከጎን ሲወራረዱስ?› አሉ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። በኋላ እንዳነበብሁት ይኸው ጥያቄ ከኛ በፊት ትልልቅ ከተሞችን አከራክሯል። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1942 በከንቲባው በላጉዋርዲያ ዘመን ፍሊፐርን ቁማር ነው ብላ ከለከለች፤ ፖሊስ ማሽኖቹን በመዶሻ ሰባበራቸው። ክልከላው የተነሣው በ1976 ሲሆን፣ ሮጀር ሻርፕ የተባለ ሰው በከተማው ምክር ቤት አባላት ፊት ማሽን ላይ ቆሞ ኳሷን ከመልቀቁ በፊት በየትኛው መንገድ እንደምታልፍ ተናግሮ እንዳለው ስላሳለፋት፣ ጨዋታው በዕድል ብቻ ሳይሆን በችሎታም እንደሆነ ታመነለት። የደምበጫው ቄስ ግን የነኩት ነገር ከዚያ ይጠልቃል፤ ችሎታ ያለበትም ጨዋታ መወራረጃ ይሆናል።

ስለዚህ ከእትዬ ጋር ተነጋግረን ደንብ አወጣን። ውርርድ የተሰማበት ቀን ሶኬቱ ይነቀላል፣ እስከ ማግሥቱም አይመለስም። የትምህርት ቤት ልብስ የለበሰ ልጅ ትምህርት ሰዓት ላይ አይጫወትም። በሰሙነ ሕማማት ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ማሽኑ በነጠላ ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ ደወሉ በዚያ ሳምንት እንዲሰማ እኔም አልፈልግም። እትዬ ደንቡን ያለ ርኅራኄ አስከበሩት። ገቢያችን ለጊዜው ቀነሰ፤ ከዚያ ግን ‹እዚያ ልጄን ብልከው አያጠፋም› የሚሉ እናቶች በዙ። በሌሎቹ ጠረጴዛዎቼ ሁሉ ደንቡን ወስጄ ለጠፍሁት፤ ሁለት ቤቶች አንቀበልም ሲሉኝ ጠረጴዛዬን አንሥቻለሁ።

ከዚያ ሳንቲሙ ራሱ ጠፋ። አንድ ቀን ተነሥቶ አልጠፋም፤ በዓመታት ውስጥ ነው የሳሳው። ሃምሳ ሳንቲም ማንም የማይጎነበስለት ነገር ሆነ፤ አንድ ብሩም ለታክሲ መልስ እንጂ ለሌላ አይታሰብም። ዋጋውን ሁለት ብር ሳደርገው ሁለት ሳንቲም ማስገባት ተቻለ፤ አምስት ብር ማድረግ ግድ ሲሆን ግን ማን አምስት ሳንቲም ይዞ ይመጣል? ማሽኔ የወረቀት ብር አይበላም። ጆተኒ የሚያሠሩት ብዙዎቹ መሳቢያውን ነቅለው ጥለው ገንዘቡን በእጅ መቀበል ጀመሩ። ለኔ ያ ማለት ወደ ፀጉር ቤቱ በረንዳ መመለስ ነበር፤ ያንን ደግሞ አልችልም።

መልሱ በስሙ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። ማርቆስ ካለው ቶርኖ ቤት ሄጄ ከነሐስ ዘንግ ላይ አራት መቶ ክብ ብረት አስቆረጥሁ፣ ልክ በአንድ ብሩ ሳንቲም መጠን፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ‹ማ› የምትል ፊደል በመዶሻ አስመታሁባቸው። እትዬ ጄቶኒዎቹን በቡና ቆርቆሮ ይዘው አንዱን በአምስት ብር ይሸጣሉ። እሑድ ስደርስ ሳጥኑን በሁለት ቁልፍ እንከፍታለን፤ በሳጥኑ ውስጥ ያለውና በቆርቆሮው ውስጥ የቀረው ተደምሮ አራት መቶ መሙላት አለበት፤ በሳጥኑ ውስጥ ያለው ቁጥር በአምስት ተባዝቶ የተሸጠው ገንዘብ ነው። ሰፌዱም፣ ‹በረከት›ም፣ ሁለቱ ክምርም ተመለሱ። የማሽኑን በር ቁልፍ ግን ኳስ ሲቀረቀር እንዲከፍቱ ለእሳቸው ብቻቸውን ሰጠኋቸው፤ በሩ ቢከፈትም ሳጥኑ ውስጥ ያለው የተቆለፈ ነው።

አንድ ቀን ክረምት ላይ ኳሷን በእጄ ይዤ አሳይቻቸው ነበር። ‹እትዬ፣ ማሽኑ ሳይሠራ ከቆየ ይህች ትዝጋለች፤ የዛገች ኳስ ሰሌዳውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው የምትፍቀው› አልኋቸው። እሳቸው ቡና እያጠቡ ነበር፤ የሰሙኝም አልመሰለኝም።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሲጀመር መንገዱ ተዘጋ። አንዳንድ ቀን ይከፈታል ይባላል፣ ሰው ይሳፈራል፣ ከመንገድ ይመለሳል። ስልክ ሲሠራ እደውላለሁ፤ ‹ሰላም ነን፣ አንተ ብቻ ደኅና ሁን፣ ስለ ማሽኑ አታስብ› ይሉኛል። ሰባት ወር ያህል ደምበጫን አላየኋትም። ከማሽን በፊት የሚታሰብ ብዙ ነገር ስለነበረ ስለ ማሽኑ ብዙም አላሰብሁም፤ ሳስብ ግን የሚታየኝ ክረምቱ፣ እርጥበቱና በሰሌዳው ላይ የቀረችው ኳስ ነበረች።

በደረስሁ ቀን ሻይ ቤቷ ተከፍታ ነበር፣ ሰው ግን የለም። እትዬ ከስተዋል። አቅፈው ሳሙኝ፣ አለቀስን፣ ማን እንዳለና ማን እንደሌለ ነገሩኝ። ቡናው ከተጠጣ በኋላ፣ እኔ ሳልጠይቅ፣ መቀነታቸውን ፈትተው ቁልፋቸውን አወጡ። ‹ተው እትዬ፣ ዛሬ ይቅር› አልሁ። ‹አይቀርም፣ ሒሳብ ነው› አሉኝ። ሳጥኑን ከፈትን፤ ስልሳ አንድ ጄቶኒ። ከቆርቆሮው ሦስት መቶ ሠላሳ ስድስት። ‹በረከት› ብለው ጀምረው እስከ መጨረሻው ቆጠሩ፣ ደግመውም ቆጠሩ፤ ሦስት ይጎድላል። ከመሳቢያቸው አሥራ አምስት ብር አውጥተው ከተሸጠው ጋር ሰፌዱ ላይ አኖሩት። አልቀበልም ስል እጄን ገፍተው ‹ቁጥሩ ይሙላ› አሉኝ፤ ለሁለት ከፈልነው።

ከዚያ የማሽኑን በር ከፍቼ መስታወቱን አንሥቼ ሰሌዳውን አየሁ። ኳሷ አልነበረችም። ጠፋች ብዬ ወደ እሳቸው ዞር ስል ከጓዳ ትንሽ የሰበዝ ሙዳይ ይዘው ወጡ። ከውስጡ በዘይት የራሰ ጨርቅ አወጡ፣ ጨርቁን ፈቱት። መንገዱ በተዘጋበት ሳምንት አውጥተዋት ኖሯል። ተቀብዬ በመስኮቱ ብርሃን አገላብጬ አየኋት፤ አንዲት የዝገት ነጥብ አልነበረባትም።